ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አራት የስፓኒሽ ቃል፦ የትኛውን ልያዝ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። እንግሊዝኛ በደንብ እችላለሁ። ስፓኒሽ ከጀመርኩ ስምንት ወሬ ነው። የምማረው በእንግሊዝኛ–ስፓኒሽ መዝገበ ቃላት ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ስፈልግ አንዳንዴ ሦስትና አራት የስፓኒሽ ቃል ይመጣብኛል። ተመሳሳይ ናቸው ብዬ የተጠቀምኩባቸው ቃላት ደግሞ ጉድ ሠሩኝ። ሰሞኑን ከአንዲት የሜክሲኮ ጓደኛዬ የተዋስኩት መጽሐፍ ጠፋብኝ። ‹መጽሐፍሽ ጠፋብኝ፤ በጣም አፍሬያለሁ፤ አንድ ሳምንት ስጪኝና ሌላ እፈልግልሻለሁ› ልላት ፈልጌ በእንግሊዝኛ አሰብኩና ወደ ስፓኒሽ መለስኩት። ከመላኬ በፊት ያየው የክፍል ጓደኛዬ ‹ነፍሰ ጡር ነኝ እያልሻት እኮ ነው› አለኝ። የሚዋሸው መዝገበ ቃላቱ ነው ወይስ ያጠፋሁት እኔ ነኝ? የሁለቱን ቋንቋ ቃላት አንድ ለአንድ የሚያዛምድ አስተማማኝ ዝርዝር ካለ ይጠቁሙኝ።»

ምላሽ፦ እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። እንዲህ ያለ ዝርዝር የለም፣ ሊኖርም አይችልም። መዝገበ ቃላቱም አልዋሸም። እሱ የሚሰጥሽ እጩዎችን ነው። የሚመርጠው ዓረፍተ ነገሩ ነው። አንቺ ላይ የደረሰው ስህተት ስፓኒሽን በእንግሊዝኛ በኩል በሚማር ሰው ሁሉ ላይ ይደርሳል። እኔ በነዚህ ሁለት ቋንቋዎች መካከል ስተረጉምና ሳስተምር ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አማርኛ ተናጋሪ ተማሪዎች ስፓኒሽ ሲማሩ የራሳቸውን ቋንቋ ደጅ ጥለውት ይገባሉ። አማርኛ በብዙ ቦታ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለስፓኒሽ ይቀርባል። የጻፍሽውን መልእክት ይዘን እንሂድ፣ መጨረሻ ላይ እናስተካክለዋለን። የስፓኒሽ ቃላቱን የምጽፈው በላቲን አሜሪካ አነባበብ ነው፤ ጓደኛሽ ከዚያ ናትና።

ቃል እንደ እርሻ መሬት ድንበር አለው። ሦስት ቋንቋዎች አንዱን ሜዳ ሲከፋፈሉት አጥሩን እያንዳንዳቸው ሌላ ቦታ ይተክላሉ። «ኤስፔራር» የሚለውን ግስ እንውሰድ። ስፓኒሽ በዚህ በአንድ ቃል «መጠበቅ»ንም «ተስፋ ማድረግ»ንም ይሸፍናል። እንግሊዝኛ ይህንኑ በሦስት ይከፍለዋል፦ «ዌይት»፣ «ሆፕ»፣ «ኤክስፔክት»። አማርኛ ደግሞ «ጠበቀ» ሲል እንግዳ መጠበቅንም፣ ውጤት መጠበቅንም፣ ከብት መጠበቅንም ያጠቃልላል፤ ተስፋን ግን ለብቻው ያስቀምጣል። ከብት ለመጠበቅ «ኤስፔራር» ብትዪ ከብቶቹ እስኪመጡ እየጠበቅሽ ነው። ሦስት ቋንቋ፣ ሦስት አጥር። የትኛው ነው ትክክል ተብሎ አይጠየቅም። የሚጠየቀው አጥሩ የት ላይ እንደቆመ ነው።

አንቺን ያስቸገረሽ አንዱ ጣጣ ይኸው ነው፦ እንግሊዝኛ አንድ አድርጎ የያዘውን ስፓኒሽ ሲከፍለው። በጣም የታወቀው ምሳሌ «ማወቅ» ነው። እንግሊዝኛ «ኖው» ይላል፣ አማርኛም «አውቃለሁ» ብሎ ያልፋል። ስፓኒሽ ግን ሁለት አለው። መረጃ ወይም ሙያ ከሆነ «ሳቤር» ነው። መልሱን አውቃለሁ፣ መዋኘት አውቃለሁ። ሰው፣ ከተማ፣ መጽሐፍ ከሆነ፣ ማለትም በአካል ወይም በልምድ የተገናኘሽው ነገር ከሆነ «ኮኖሴር» ነው። እዚህ ላይ መዝገበ ቃላት በአንድ መስመር የማይነግርሽ አለ። ግሶቹ ወዳለቀ የኃላፊ ጊዜ ሲሄዱ ፍቺያቸውም አብሮ ይሸሻል። «ላ ኮኖሲ» ስትዪ «አወቅኋት» ሳይሆን «ተዋወቅኋት» ማለትሽ ነው። «ሎ ሱፔ» ስትዪ ደግሞ «ወሬው ደረሰኝ» እንደማለት ነው። አማርኛ «ተዋወቀ» የሚል ራሱን የቻለ ግስ ስላለው ከእንግሊዝኛ ቀድመሽ ትደርሺበታለሽ።

«ጠየቀ» ደግሞ በተቃራኒው የሚያታልልሽ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛም አማርኛም እኩል ያሳስቱሻልና። «አስክ» ለጥያቄም ለልመናም ያገለግላል። «ጠየቀ»ም እንዲሁ፣ ሲብስም ታማሚ መጠየቅን ይጨምራል። ስፓኒሽ አይቀላቅላቸውም። መረጃ ፈልገሽ ከሆነ «ፕሬጉንታር»፣ ነገር ፈልገሽ ከሆነ «ፔዲር»። ሰዓት ስንት ነው ብለሽ ስትጠይቂ የመጀመሪያው ነው። እርዳታ ስትጠይቂ ሁለተኛው። ይህን የሚያድንሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ የምጠብቀው ምንድን ነው፣ መልስ ወይስ ዕቃ?

«ላቭ» ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ሰው ልብ ይሰበራል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ እናቱንም፣ ጫማውንም፣ ፍቅረኛውንም በዚሁ አንድ ግስ ይወዳል። ስፓኒሽ ለጫማው «ሜ ኤንካንታ» ይላል፣ በጣም ደስ ይለኛል እንደማለት። ለእናት፣ ለጓደኛ፣ ለፍቅረኛም «ቴ ኪዬሮ» አለ። «ቴ አሞ» ከበድ ያለ ነው፤ ብዙ ቦታ ለጥልቅ ፍቅር ይጠበቃል። አማርኛ «እወድሻለሁ»ን ከ«አፈቅርሻለሁ» ስለሚለይ የክብደቱ ልዩነት ለጆሮሽ አዲስ አይሆንም። አንድ ነገር ግን ጠብቂ። የ«ኪዬሮ» ሥር የሆነው «ኬሬር» የሚለው ግስ መውደድም መፈለግም ነው። «ኪዬሮ አግዋ» ውሃ እፈልጋለሁ ነው። «ቴ ኪዬሮ» ግን እፈልግሻለሁ ተብሎ ቢተረጎም ነገር ይበላሻል። አንዴ አንድ ተማሪ ከአንዲት አያት የመጣን ደብዳቤ «የልጅ ልጄ፣ እፈልግሃለሁ» ብሎ ተርጉሞ አመጣልኝ። አያትየው ያለችው እወድሃለሁ ነበር። ቃሉን መዝገበ ቃላት ውስጥ አግኝቶታል፣ ዓረፍተ ነገሩን ግን አላየውም።

ትንንሾቹን በፍጥነት ልለፍ። ዓሣ ውሃ ውስጥ ሲዋኝ «ፔስ» ነው፣ ተይዞ ለምግብ ሲቀርብ «ፔስካዶ»። የዚህኛው መነሻ «የተጠመደ» ማለት ስለሆነ ምክንያቱ ግልጽ ነው። «ኮርነር» ከውጭ ሲታይ፣ መንገድ ላይ ሲሆን «ኤስኪና» ነው። ከውስጥ ሲታይ፣ ክፍል ውስጥ ሲሆን «ሪንኮን» ነው፤ የእኛ «ጥግ» በትክክል እሱ ላይ ይቀመጣል። ጆሮም ሁለት ነው፦ የሚታየው «ኦሬሃ»፣ የሚሰማው «ኦይዶ»። ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ውስጡን ከታመምሽ ሁለተኛውን ነው የምትጠሪው። «ታይም» ደግሞ ሦስት ይሆናል። የሚያልፈው ጊዜ «ቲዬምፖ»፣ ሦስት ጊዜ ስንል የምንቆጥረው «ቤስ»፣ ሰዓት «ኦራ»። እግረ መንገዴን፣ «ቲዬምፖ» የአየር ሁኔታም ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጣጣ እንምጣ፣ አንቺን ወደ ነፍሰ ጡርነት ወደወሰደሽ። መልካቸው አንድ፣ ፍቺያቸው ሌላ የሆኑ ቃላት «ሐሰተኛ ጓደኞች» ይባላሉ። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1928 ሁለት ፈረንሳውያን የፈረንሳይኛንና የእንግሊዝኛን ቃላት ሲያወዳድሩ ያስተዋወቁት ነው። ስፓኒሽም «ፋልሶስ አሚጎስ» ብሎ ወሰደው።

ለምን ይመሳሰላሉ? ስፓኒሽ ከላቲን የተወለደ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ የጀርመንኛ ዘመድ ነው፤ ሆኖም ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በፈረንሳይኛ በኩል፣ ቆየት ብሎም በቀጥታ፣ የላቲን ቃል በገፍ ገባበት። ስለዚህ ሁለቱ ቋንቋዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ቃላትን ይጋራሉ። እዚህ ላይ አደራ፣ ሁሉንም አትጠርጥሪ። አብዛኞቹ እውነተኛ ጓደኞች ናቸው። «ሆስፒታል»፣ «አኒማል»፣ «ኮሎር»፣ «ኢንፎርማሲዮን» ምንም አያደርጉሽም። መጨረሻው «ሽን» የሆነ የእንግሊዝኛ ስም ብዙ ጊዜ በስፓኒሽ «ሲዮን» ብሎ ይጨርሳል፤ ይህን አንድ ነገር በማወቅ ብቻ ብዙ መቶ ቃል ታተርፊያለሽ። አደጋው ጥቂቶቹ ላይ ነው። እነሱም የሚደበቁት በብዙዎቹ መካከል ነው።

የአንቺው «ኤምባራሳዳ» ታሪኩ ደስ ይላል። በሥሩ ሲታይ ቃሉ ማደናቀፍ፣ ማሰናከል ነበር። ከፖርቹጋልኛ ወደ ስፓኒሽ፣ ከስፓኒሽ ወደ ፈረንሳይኛ፣ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ተጓዘ። እንግሊዝኛ ጋ ሲደርስ መደናቀፉ የስሜት ሆነና «ኢምባረስድ» ተባለ፣ ሰው ፊት መሸማቀቅ። ስፓኒሽ ውስጥ የቀረው ደግሞ ሴትን ከእርግዝና ጋር አገናኛት። ስለዚህ ሁለቱ ቃላት የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ተለያይተው አደጉ እንጂ። እንደውም «ኤምባራሶሶ» የሚለው ቅጽል እስከ ዛሬ በስፓኒሽ «አሳፋሪ፣ የሚያሸማቅቅ» ማለት ነው። ሁኔታው «ኤምባራሶሶ» ሊሆን ይችላል። አንቺ ግን «ኤምባራሳዳ» ካልሽ አርግዘሻል።

«ኤክሲቶ»ም እንዲሁ ነው። ሥሩ በላቲን መውጣት ማለት ነው። እንግሊዝኛ «ኤግዚት» ብሎ በሩን ያዘ። ስፓኒሽ የነገሩን መውጫ፣ ማለትም ውጤቱን ያዘ፣ ከዚያም መልካሙን ውጤት ብቻ። ዛሬ «ኤክሲቶ» ስኬት ነው። የመውጫ በር «ሳሊዳ» ነው። እኛም «ተሳካለት» ለማለት «ወጣለት» የምንልበት አጋጣሚ ስላለ መንገዱ እንግዳ አይሆንብሽም።

ሌሎቹ ከእነዚህ ይልቅ አደገኛ ናቸው፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳያፈርሱ ያስታሉና። ነፍሰ ጡር ነኝ ስትዪ ሰሚው ይደናገጥና ያርምሻል። «አክቷልሜንቴ» ስትዪ ግን ማንም አያርምሽም። አንቺ «እንደ እውነቱ ከሆነ» ማለትሽ ነው፣ ሰሚው ግን «በአሁኑ ጊዜ» ብሎ ይረዳል። ሁለቱም ትርጉም ይሰጣሉ፣ ስለዚህ ስህተቱ ሳይታይ ያልፋል። ያሰብሽው «ኤን ሬያሊዳድ» ነበር። «አሲስቲር» ስብሰባ መካፈል ነው፤ መርዳት «አዩዳር» ይባላል። ስብሰባው ላይ እረዳለሁ ያለ ሰው እና ስብሰባው ላይ እገኛለሁ ያለ ሰው የተለያየ ቃል ገብተዋል። «ፕሬቴንዴር» ማሰብ፣ መሞከር ነው፤ ማስመሰል «ፊንሂር» ነው። ይህኛው ሰውን ያስቀይማል። «ልረዳሽ አስባለሁ» ያለሽን ሰው «ልረዳሽ አስመስላለሁ» ብለሽ ብትተረጉሚው አስቢው። «ሴንሲብሌ» ስሜቱ ቶሎ የሚነካ ሰው ነው፤ አስተዋዩ ሰው «ሴንሳቶ» ነው። «ሊብሬሪያ» መጽሐፍ የሚሸጥበት ነው፤ የሚዋሱበት ቤተ መጻሕፍት «ቢብሊዮቴካ» ነው።

ስለ አንዱ ግን ረጋ ብዬ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ ፍሎሪዳ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ቤተሰቡ ኩባውያን ነበሩ። «ኢንቶክሲካዶ» ነው አሉ። በኩባ ስፓኒሽ ይህ ቃል የበላው ወይም የጠጣው ነገር አልስማማው ብሎ ታመመ ማለት ነው፣ ምግብም ይሁን መድኃኒት። ወደ እንግሊዝኛ ግን «ኢንቶክሲኬትድ» ሆኖ ገባ፤ የሰከረ፣ ዕፅ የወሰደ። ሐኪሞቹ ከመጠን ያለፈ ዕፅ እንደወሰደ ሰው አከሙት። የነበረበት ግን የጭንቅላት ውስጥ መድማት ነበር። በጊዜው አልተደረሰበትም። ልጁ እጅና እግሩ ሽባ ሆነ። ጉዳዩ እስከ 71 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ በሚችል የካሳ ስምምነት አለቀ። ባለሙያ አስተርጓሚ አልተጠራም ነበር፤ የስፓኒሹ ቃል የእንግሊዝኛውን ይመስላልና ሁሉም የተረዳው መሰለው። የምጠላው ይህን ነው፤ የተረዳ መምሰልን። የማይገባ ቃል ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው «ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

በተቃራኒው እውነት ያልሆነ ታሪክም ይወራል። የሼቭሮሌት «ኖቫ» መኪና በላቲን አሜሪካ አልሸጥ አለች፣ በስፓኒሽ «ኖ ቫ» አትሄድም ማለት ስለሆነ ይባላል። ሰምተሽው ይሆናል። አትመኚው። መኪናዋ ሜክሲኮና ቬኔዙዌላ ውስጥ በደንብ ተሸጣለች። ሜክሲኮ ውስጥ እንኳን መኪና፣ «ኖቫ» የሚባል ቤንዚንም ነበር። ቃሉ ሲጠራ ጉልበቱ መጀመሪያው ላይ ያርፋል፤ «ኖ ቫ» ሲባል ግን መጨረሻው ላይ። ስፓኒሽ ተናጋሪ ሁለቱን አያምታታም። ቃላትን ከውጭ ሆኖ በፊደላቸው ብቻ የሚያወዳድር ሰው ነው ይህን ተረት የፈጠረው።

ቁጥር ላይ የምትሠሪ ከሆነ ይችን ያዢ። የእንግሊዝኛው «ቢሊየን»ና የእኛው «ቢሊዮን» ሺህ ሚሊዮን ነው። የስፓኒሹ «ቢዮን» ሚሊዮን ሚሊዮን ነው፣ በአንድ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ሺህ ሚሊዮን ለማለት «ሚል ሚዮኔስ» ይባላል። የመንግሥት በጀት ወይም የኩባንያ ሪፖርት ስትተረጉሚ በአንድ ቃል ሦስት ዜሮ ታዛቢያለሽ። በአሜሪካ የሚኖሩ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች አንዳንዴ በእንግሊዝኛው ልክ ስለሚጠቀሙበት ጽሑፉ ከየት እንደመጣም እዪ።

ከሐሰተኛ ጓደኞች ሌላ ግማሽ ጓደኞችም አሉ። ፍቺያቸው ይገጥማል፣ ወግ ማዕረጋቸው ግን አይገጥምም። እንግሊዝኛ የላቲን ቃላቱን የክት ልብስ አደረጋቸው። ስፓኒሽ ደግሞ የዘወትር ልብሱ ናቸው። «ኮሜንሳር» ተራ «መጀመር» ነው። ዘመዱ «ኮሜንስ» በእንግሊዝኛ የሥነ ሥርዓት ቃል ይመስላል። «ኤንፌርሞ» ሕፃን ልጅም የሚለው «ታማሚ» ነው፤ «ኢንፈርም» ግን ያረጀና የደከመ ሰው ነው። ስፓኒሽን ወደ እንግሊዝኛ በሚመሳሰል ቃል ብቻ የሚመልስ ሰው የተናጋሪውን ተራ ወሬ የፍርድ ቤት ሰነድ ያስመስለዋል።

አሁን የምወደው ክፍል ላይ ደረስን። መዝገበ ቃላቱን ትንሽ አስቀምጪውና በአማርኛ አስቢ።

እንግሊዝኛ «ቢ» (መሆን) ብሎ የሚጨርሰውን ስፓኒሽ «ሴር»ና «ኤስታር» ብሎ ይከፍለዋል። በእንግሊዝኛ የተጻፉ መማሪያዎች «ሴር» ለቋሚ፣ «ኤስታር» ለጊዜያዊ ነው ይላሉ። ይህ ደንብ ቶሎ ይሰበራል። ሞት ቋሚ ነው፣ የሞተ ሰው ግን «ኤስታ ሙዌርቶ» ነው የሚባለው፣ በ«ኤስታር»። ሰዓት በየደቂቃው ይለዋወጣል፣ ግን በ«ሴር» ይነገራል። እስቲ በአማርኛ እንየው። አሰልቺ ነው፣ «ኤስ አቡሪዶ»። ሰልችቶታል፣ «ኤስታ አቡሪዶ»። ደክሞታል፣ «ኤስታ ካንሳዶ»። ተቀምጧል፣ «ኤስታ ሴንታዶ»። ተከፍቷል፣ «ኤስታ አቢዬርቶ»። ሞቷል፣ «ኤስታ ሙዌርቶ»። አየሽው? አንድ ነገር ተከስቶ የተወው ሁኔታ ሲሆን አማርኛ «ነው»ን ትቶ «ሰልችቶታል፣ ተቀምጧል» ወደሚለው ይሄዳል። ስፓኒሽ እዚያው ቦታ ላይ ወደ «ኤስታር» ይሄዳል። ሁልጊዜ አይገጥምም። «የት ነው?» ስንል እኛ «ነው» እንላለን፣ እነሱ ለሰውና ለዕቃ «ኤስታር» ይላሉ። ግን ቋሚና ጊዜያዊ ከሚለው ደንብ ይልቅ ብዙ ርቀት ይወስድሻል።

«ሜ ጉስታ ላ ሙሲካ» ደግሞ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን ወራት ያሰቃያቸዋል። እነሱ «እኔ ሙዚቃ እወዳለሁ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ስፓኒሹ ግን ባለቤቱን ሙዚቃውን አድርጎ እኔን ተቀባይ ያደርገኛል። እኛ ከልጅነታችን «ሙዚቃ ደስ ይለኛል» እንላለን። ያው ነው። «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» «ራሴን ያመኛል» ነው፤ ልዩነቱ ስፓኒሽ «ራሴ» አይልም፣ «ራስ» ብቻ ብሎ የማን እንደሆነ መናገሩን ለ«ሜ» ይተውለታል። ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ በኩል ዞረሽ መማር በጓሮ በር እያለሽ አጥር መዝለል ነው።

በዚሁ መንገድ ወደ ጠፋው መጽሐፍ ደረስን። በአማርኛ የጻፍሽው «ጠፋብኝ» ነበር። በእንግሊዝኛ ሲያልፍ «አይ ሎስት» ሆነ፣ ጣልኩት፣ አጠፋሁት እንደማለት። ከዚያ ወደ ስፓኒሽ ስትገለብጪው «ፔርዲ ቱ ሊብሮ» ሆነ። ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ሰውም ይለዋል። ነገር ግን ስፓኒሽ ለ«ጠፋብኝ» ራሱን የቻለ አነጋገር አለው፦ «ሴ ሜ ፔርዲዮ»። ሆን ብዬ አይደለም፣ ግን ጉዳቱ እኔ ላይ ነው የሚለው የእኛ «-ብኝ» ሳይሸራረፍ እዚያ ውስጥ አለ። ወደቀብኝ «ሴ ሜ ካዮ»፣ ተሰበረብኝ «ሴ ሜ ሮምፒዮ»። እንግሊዝኛ ይህን የሚይዝበት ትንሽ ቃል የለውም፣ ስለዚህ በእሱ በኩል ያለፈ ሁሉ «-ብኝ»ን እዚያው ጥሎ ይወጣል። በእንግሊዝኛ ድልድይነት የሚሠራ የማሽን ትርጉም ስትጠቀሚም የሚያጋጥምሽ ይኸው ነው። «አንቺ»ና «እርስዎ» እንኳ «ዩ» ሆነው ተደባልቀው ይወጣሉ፤ ስፓኒሽ «ቱ»ና «ኡስቴድ» ብሎ ይለያቸው የነበረውን።

ስለ እፍረቱም ልንገርሽ። እንግሊዝኛ በሰው ፊት መሸማቀቅን ከጥፋተኝነት እፍረት ይለያል። ስፓኒሽ ሁለቱንም «ቤርጉዌንሳ» ይላል፣ እኛም ሁለቱንም እፍረት። ስለዚህ ከአማርኛ በቀጥታ ብትሄጂ ኖሮ «ኤምባራሳዳ» የሚባለው ቃል መንገድሽ ላይ አይቆምም ነበር። አነጋገሩ «ሜ ዳ ቤርጉዌንሳ» ነው፣ ያሳፍረኛል። ጓደኛሽ ከሜክሲኮ ስለሆነች ግን ከዚህ የተሻለ አለ። በሜክሲኮ፣ በኮሎምቢያና በሌሎችም የአካባቢው አገሮች «ሜ ዳ ፔና» ይባላል። ስፔን ውስጥ «ፔና» ኀዘን ነው፤ እዚያ ብትዪው ያዘንሽ እንጂ ያፈርሽ አይመስልም።

አገሩን ሳትጠይቂ ቃሉን አትያዢ የምለው ለዚህ ነው። «ኮሄር» ስፔን ውስጥ «መያዝ፣ መውሰድ» ነው፣ ልጅ አውቶቡስ ለመያዝ ይጠቀምበታል። ሜክሲኮና አርጀንቲና ውስጥ ግን የብልግና ቃል ነው። «ጓጓ» ኩባና ፖርቶ ሪኮ ውስጥ አውቶቡስ፣ ቺሊና ቦሊቪያ ውስጥ ሕፃን ነው። ጓደኛሽ «አኦሪታ» እመልስልሻለሁ ካለችሽ ደግሞ ስልክሽን ይዘሽ አትቀመጪ፤ በሜክሲኮ አሁኑኑም፣ ትንሽ ቆይቼም ሊሆን ይችላል። «አሁን መጣሁ» ብሎን ሄዶ የቆየ ሰው ሁላችንም እናውቃለን።

መዝገበ ቃላቱን ጣዪው አልልም። አጠቃቀሙን ቀይሪ። ከእንግሊዝኛ ወደ ስፓኒሽ ቃል ስታገኚ መልሰሽ ከስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ ፈልጊው። «ኤምባራሳዳ»ን ወደኋላ ብትፈልጊው እርግዝና በመጀመሪያው መስመር ላይ ይጠብቅሽ ነበር፤ ሥራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ትንሽ ስትጠነክሪ ደግሞ ስፓኒሽን በስፓኒሽ ወደሚፈታው ተሻገሪ። እ.ኤ.አ. በ1713 የተቋቋመው የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ መዝገበ ቃላቱን ኢንተርኔት ላይ በነፃ ያቀርባል፤ አንድ ፍቺ የየትኛው አገር እንደሆነም ያመለክታል። ደብተርሽ ላይ ቃል ለብቻው አትጻፊ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፊ፣ ከጎኑም በአማርኛ አንቺ በቤትሽ የምትዪውን። «ሴ ሜ ኦልቢዶ» አጠገብ «ረሳሁት» ብቻ ሳይሆን «ተረሳኝ» የሚል ይኑር።

አማርኛም ቢሆን አልፎ አልፎ ያሳስትሻል። የመልእክትሽ የመጨረሻ ቃል ጥሩ ማስረጃ ነው። «እፈልግልሻለሁ» ብለሻል። «መፈለግ» ለእኛ መሻትም ነው፣ ዞሮ ማሰስም ነው። «ኬሬር» ላይ ከወደቅሽ መሻቱን ብቻ ይዘሽ ትቀሪያለሽ። የምታስሺ ከሆነ «ቡስካር» ነው። «-ልሽ» ደግሞ እንደገና ስፓኒሽ ውስጥ አለ፣ «ቴ» ሆኖ፦ «ቴ ቡስኮ»።

እንግዲህ መልእክትሽ ይህ ነው፣ ሳትፈሪ ላኪው፦ «ሴ ሜ ፔርዲዮ ቱ ሊብሮ። ሜ ዳ ሙቻ ፔና። ዳሜ ኡና ሴማና፣ ፖር ፋቦር፣ ኢ ቴ ቡስኮ ኦትሮ።» መጽሐፍሽ ጠፋብኝ። በጣም ያሳፍረኛል። እባክሽ አንድ ሳምንት ስጪኝና ሌላ እፈልግልሻለሁ። እስካሁን እየጠራሻት ያለው በ«ቱ» ከሆነ እንዲሁ ይቆይ። መጽሐፉ የእናቷ ሆኖ ለእሳቸው የምትጽፊ ከሆነ ግን «ቱ ሊብሮ»ን «ሱ ሊብሮ»፣ «ዳሜ»ን «ዴሜ»፣ «ቴ ቡስኮ»ን «ሌ ቡስኮ» አድርጊው፤ «ስጪኝ» ወደ «ይስጡኝ» ሲዞር ማለት ነው።